በጣሊያን ጥንታዊ ሕንፃዎችን አስተውሎ ለማየት ከየት እንጀምር?

ተጓዥ ዘሽቱትጋርት፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

በመጪው ጥቅምት ከባለቤቴ ጋር ከጀርመን ተነሥተን በባቡር ወደ ጣሊያን ለመጓዝ እየተዘጋጀን ነው። ሁለታችንም ሥራችን ከግንባታም ሆነ ከታሪክ ጋር ባይገናኝም ለጥንታዊ ሕንፃዎች ያለን ፍቅር ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ አስጎብኚ ድርጅቶች የሚያወጧቸውን መርሐ ግብሮች ስንመለከት አብዛኞቹ በአንድ ቀን ውስጥ ኮሎሲየምን፣ ቫቲካንንና አደባባዮቹን ሁሉ እያስሮጡ የሚያሳዩ ናቸው። እንዲህ የተጓዘ ሰው ብዙ ፎቶግራፍ ይዞ ይመለስ ይሆናል እንጂ ሕንፃው በምን ጥበብ እንደ ቆመ፣ ማን ለምን እንዳሠራው፣ ከዚያስ በኋላ የመጣው ትውልድ ምን እንደ ጨመረበትና ምን እንደ ቀነሰበት ሳያውቅ ይቀራል ብለን እናምናለን።

በመሆኑም በሮም ከተማ ጥቂት ሕንፃዎችን ብቻ መርጠን በእያንዳንዳቸው ረዘም ያለ ጊዜ ለመቆየት ወስነናል። የትኞቹን ብንመርጥ ይሻላል? ስንገባስ ዓይናችንን ወዴት እናሳርፍ? ከሮም ቀጥሎ ብዙዎች ወደ ቬኒስ እንድንሄድ መክረውናል፤ እኛ ግን ሐሳባችን ገና አልጸናም። ባለቤቴ በተለይ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን የማየት ጉጉት አላት፤ ከአገራችን ታሪክ ጋር በእውነት የሚገናኝ ሥፍራ ካለም ማየት እንወዳለን። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ደረጃ መውጣት እንደማትችል ጨምሬ ልግለጽ። ስለምትሰጡን ምክር ሁሉ ከወዲሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

መሐንዲስ ዘአራት ኪሎ፦

ውድ ጠያቂ፣ ሙያዬ የሕንፃ ምሕንድስና በመሆኑ ጥያቄዎ በቀጥታ ወደ ልቤ የገባ ነው። ጥቂት መርጦ ብዙ ጊዜ መቆየት የሚለውን ውሳኔዎን ማንም እንዳያስለውጥዎ እለምናለሁ።

ሕንፃን ለማስተዋል የሥነ ሕንፃ ዘመናትን ስም መሸምደድ ግዴታ አይደለም። ሮማኔስክ፣ ጎቲክ፣ ባሮክ የሚባሉት ስሞች ቀስ በቀስ ይመጣሉ። ወደ አንድ ሕንፃ ሲገቡ በመጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱና ያ ሁሉ ክብደት በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ በዓይንዎ ይከተሉት። ሸክሙን የያዘው ግድግዳው ነው ወይስ ዓምዱ? ቅስቱ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል የሚመልሰው ምንድን ነው? መስኮቶቹ የጠበቡት ወይም የሰፉት በምን ምክንያት ነው? እነዚህን የጠየቀ ሰው በየትኛውም ከተማ ቢሆን ብቻውን ሆኖ ሕንፃ ማንበብ ይችላል።

ለዚህ ትምህርት ፓንቴዮን ከተባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የሚበልጥ ሥፍራ በሮም የለም ብዬ አምናለሁ። አሁን የሚታየው ሕንፃ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራና በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን የተጠናቀቀ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በግንባሩ ላይ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ የሚያነቡት ስም ግን የማርቆስ አግሪጳ ነው። አግሪጳ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚያው ቦታ ሌላ ሕንፃ ያሠራ ሹም ሲሆን፣ ያ ሕንፃ በእሳት ከጠፋ በኋላ እንደ ገና ያሠሩት ሰዎች የመጀመሪያውን አሠሪ ስም ጠብቀው ጻፉት።

ወደ ውስጥ ሲገቡ የጉልላቱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር ከጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ነው፤ ከወለሉ እስከ ጉልላቱ አናት ያለው ከፍታም ከዚሁ ጋር እኩል ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለ አንዳች ፌሮ በኮንክሪት ብቻ ተሸፍኖ 1900 ዓመታት ያህል ቆሟል፤ ፌሮ ከሌላቸው የኮንክሪት ጉልላቶች መካከል ዛሬም በስፋት የሚበልጠው የለም። ምሥጢሩ ክብደቱን ከታች ወደ ላይ እየቀነሱ በመሄዳቸው ላይ ነው። ሠሪዎቹ ኖራንና የእሳተ ገሞራ አመድን ባቀላቀሉበት ኮንክሪት ውስጥ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቀለል ያለ ድንጋይ፣ ከአናቱ አጠገብ ደግሞ ፑሚስ ጨመሩ። ዛሬ በአገራችን ብሎኬት ለማቅለል የምንጠቀምበት ያው ፑሚስ መሆኑን ልብ ይሏል። የጉልላቱ ውፍረት በሥሩ 6 ሜትር ያህል ሲሆን በአናቱ ላይ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በውስጥ በኩል በአምስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 28 ሆነው የተደረደሩት አራት ማዕዘን ጎድጓዶችም ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይመስለኝም፤ የጉልላቱን የታችኛ ክፍል ያቀልላሉ። አናቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ መስተዋት የሌለው ክፍት በመሆኑ ዝናብ በቀጥታ ይገባበታል። በዚያን ጊዜ ዝቅ ብለው ወለሉን ቢመለከቱ መካከሉ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ውኃውን ወደ ዳር እንደሚያፈስ፣ በእብነ በረዱ ላይም ውኃውን የሚቀበሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዳሉ ያያሉ። ከደጅ የቆሙት 16 ዓምዶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ግራናይት የተፈለጡ፣ 12 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውና ከግብፅ ተጭነው የመጡ ናቸው።

ሌላው መታወስ ያለበት ጉዳይ ሕንፃው የተረፈበት ምክንያት ነው። በሮም ብዙ ታላላቅ ሕንፃዎች ድንጋያቸው እየተነቀለ ለሌላ ግንባታ ሲውል ፓንቴዮን በ609 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በመባረኩ ሁልጊዜ ጠባቂና ጠጋኝ አላጣም። ስለዚህ በአንድ ጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ በኋላ ዘመን የተጨመረ መሠዊያ ወይም መቃብር ሲያዩ የመጀመሪያውን መልክ እንዳበላሸ አድርገው ብቻ አይመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ ሕንፃውን ያቆየው ያ አዲስ አገልግሎት ነው።

ሁለተኛ የምመርጥልዎ ከኮሎሲየም ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘውን የቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳን ክሌሜንቴን ነው። ከመንገድ ሲገቡ የሚያገኙት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከወለሉ በታች በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእርሱም በታች በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገነቡ የሮማውያን ቤቶች፣ በእነርሱም ውስጥ ሚትራ የተባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ ጠባብ አዳራሽ ይገኛል። ይህ ሁሉ ተደብቆ ኖሮ መታወቅ የጀመረው ከ1857 ጀምሮ ጆሴፍ ሙሉሊ የተባሉ አየርላንዳዊ መነኩሴ ባስቆፈሩት ቁፋሮ ነው። ከሁሉ በታች ባለው ክፍል በግድግዳው ውስጥ የሚፈስስ ውኃ ድምፅ በግልጽ ይሰማል። የላይኛው ግድግዳ በታችኛው ግድግዳ ላይ የት እንዳረፈና የት እንዳላረፈ እየተከታተሉ ቢሄዱ፣ አንዱ ዘመን የሌላውን መሠረት እንዴት እንደ ተጠቀመበት በዓይንዎ ያያሉ። ለባለቤትዎ የማስጠነቅቀው ወደ ታች የሚወርዱ ደረጃዎች መኖራቸውን ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚወርድ ሰው ግን ያን ያህል የሚያስቸግሩ አይደሉም።

ኮሎሲየምን በተመለከተ ከውጭ ዞረው ቢያዩት ይበቃል እላለሁ።

የሮም ነዋሪ፦

መሐንዲሱ ወንድማችን ስለ ፓንቴዮን የጻፉትን በደስታ አነበብኩት፤ ስለ ኮሎሲየም በሰጡት አስተያየት ግን አልስማማም። እርሳቸው የሚጠይቁትን የምሕንድስና ጥያቄ በሚገባ የሚመልስ ሕንፃ ቢኖር እርሱ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሳይጋፋ ገብቶ እንዲወጣ ታስቦ በምድር ላይ 80 ቅስቶች ዙሪያውን ተከፍተዋል፤ ተመልካቹ የየትኛው በር መሆኑን እንዲያውቅም ከቅስቶቹ በላይ ቁጥር ተቀርጾ ነበር። የውጭው ግድግዳ ሳይፈርስ በቀረበት ወገን ቆመው ቀና ቢሉ የሮማውያኑን ቁጥሮች ዛሬም ያነቧቸዋል። ከውስጥ ደግሞ ደረጃዎቹና መተላለፊያዎቹ እንዴት እንደ ተጠላለፉ፣ ከመድረኩ በታች አውሬዎች የሚቆዩባቸው ክፍሎች እንዴት እንደ ተሠሩ ይታያል። ቲኬቱ በስምና በሰዓት የሚቆረጥ ስለሆነ ቀደም ብለው በኢንተርኔት ይግዙት።

ከአገራችን ጋር የሚገናኝ ሥፍራ ለጠየቃችሁት ብዙ መጻፍ የሚቻል ቢሆንም የማይታለፉትን ብቻ ልጥቀስ። በፓንቴዮን ውስጥ ከሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ሌላ የሁለት የጣሊያን ነገሥታት መቃብር ይገኛል። ከሁለቱ አንዱ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው በእርሱ ዘመነ መንግሥት ነው፤ በ1896 ሠራዊቱ በዐድዋ ድል ሲሆን በዙፋን ላይ የነበረውም እርሱ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ጉልላቱን እያዩ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ እናንተ ግን ጥቂት ቆም ብላችሁ ብታነቡት መልካም ነው።

ባቡራችሁ ቴርሚኒ ጣቢያ ሲደርስ የምትወጡበት ሰፊ አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በ1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ ላይ ድል ያደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በአትክልት ሥፍራ ውስጥ ይገኛል፤ ከላይ ያለው ድንጋይ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። ከግብፅ ነገሥታት ለአንዱ የተቀረጸ ድንጋይ ሮማውያን ወስደው አቁመውት፣ ወድቆ ተቀብሮ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቆፍሮ ወጥቶ በአፍሪካ ምድር ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ መሆኑ የሮምን የድንጋይ ታሪክ በአጭሩ ያሳያል። የእኛው የአክሱም ሐውልትም በ1937 ተወስዶ በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ለረጅም ዓመታት ቆሞ ነበር፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል።

ከዚያው ከጣቢያው ሳትርቁ ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጄሊ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ግቡ። መግቢያ አይከፈልበትም፣ ደረጃ የሚያስቸግርም አይደለም። ከውጭ ሲታይ የፈረሰ የጡብ ግድግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱም ግንባሩ የንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ነው። ይህ ንጉሥ በስንክሳራችን በየዕለቱ ለማለት ይቻላል የምንሰማው የሰማዕታት አሳዳጅ ነው። በ1560ዎቹ ሚኬላንጄሎ የመታጠቢያውን ትልቅ አዳራሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲለውጥ የጥንቱን የግራናይት ዓምዶችና ከፍተኛ ጣሪያ ሳያፈርስ ተጠቀመባቸው። በወለሉ ላይ በ1702 የተሠራ ረጅም የናስ መሥመር አለ፤ በግድግዳው ላይ ካለ ትንሽ ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ጨረር በእኩለ ቀን መሥመሩን ስለሚያቋርጥ ወራቱን ለመለየት ያገለግል ነበር። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከእኩለ ቀን ጥቂት አስቀድማችሁ ብትገኙ ብርሃኑ እየተንቀሳቀሰ መሥመሩ ላይ ሲደርስ ማየት ትችላላችሁ።

በቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተኋላ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ ልዩ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በጳጳስ ሲክስቱስ 4ኛ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ሲሆን፣ ከኢየሩሳሌም እየተሻገሩ የሚመጡ ገዳማውያን የሚያርፉበት ቤት ሆኖ ኖሯል። በ1548 እና 1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በሮም ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት በዚህ ነበር። ሥፍራው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንዲሁ ሄዶ መግባት አይቻልም፤ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሌላ የከተማው ክፍል የሚገኘውና ክብ በመሆኑ የታወቀው ሳንቶ ስቴፋኖ ሮቶንዶ ስሙ ስለሚመሳሰል ብዙ እንግዶች ወደዚያ ይሄዳሉ። እርሱም በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ላደገ ዓይን ውስጠኛውን የዓምድ ዙሪያ እየዞሩ መመልከት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከእኛ መነኮሳት ታሪክ ጋር የሚገናኘው እርሱ አይደለም።

ስለ አጠቃላይ ሁኔታው ጥቂት ልጨምር። በሮም ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከእኩለ ቀን በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ይዘጋሉና ጠዋቱን ለእነርሱ መድቡ። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አይፈቀድም። በብዙ ቦታ ሥዕሎቹ በጨለማ ስለሚቆዩ ሳንቲም ሲያስገቡ ለጥቂት ደቂቃ መብራት የሚሰጥ ሣጥን ይኖራል፤ ስለዚህ ዝርዝር ሳንቲም ከኪሳችሁ አይጥፋ። ለፓንቴዮን ከ2023 ጀምሮ የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል።

የታሪክ ተማሪ ዘቦሎኛ፦

ቬኒስን ለሌላ ጊዜ አቆይታችሁ ወደ ራቬና እንድትሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። ከቦሎኛ በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከተማዋ ትንሽና ሜዳ ላይ ያለች በመሆኗ ጉልበት ለሚያመው ሰው ትመቻለች። ባለቤትዎ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን የምትወድ ከሆነ በምዕራብ አውሮፓ የ5ኛውና የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሞዛይክ (ባለ ቀለም ትናንሽ ጠጠሮች በመትከል የሚሠራ ሥዕል) በዚህ መጠን ተሰብስቦ የሚታይበት ሌላ ከተማ የለም።

ራቬና ከ402 ጀምሮ የምዕራብ ሮም መንግሥት መቀመጫ፣ ቀጥሎ ጎት የተባለው ነገድ ንጉሥ የቴዎዶሪክ ዋና ከተማ፣ ከ540 በኋላ ደግሞ በቁስጥንጥንያ ሥር የነበረች ናት። ሦስቱም ገዢዎች ያሠሩት በአንድ ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ አንዱ በሌላው ሥራ ላይ ምን እንዳደረገ በግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የምወደው በሳንት አፖሊናሬ ኑዎቮ የሚታየውን ነው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ቴዎዶሪክ የአርዮስ እምነት ተከታይ ነበር። እኛ ስለ አርዮስ የምናውቀው ከሠለስቱ ምዕት ጉባኤና ከቅዳሴያችን ነው፤ በዚያ ግን የአርዮሳውያን መንግሥት ከተማ፣ የአርዮሳውያን ቤተ ክርስቲያንና የአርዮሳውያን ማጥመቂያ በቁሙ ይታያል። ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ የንጉሡ ቤተ መንግሥት በሞዛይክ ተሥሏል፤ በዓምዶቹ መካከል ነጫጭ መጋረጃዎች ተንጠልጥለዋል። በመጋረጃዎቹ ቦታ ቀድሞ የቆሙት ሰዎች ነበሩ፤ ምናልባትም ንጉሡና ሹማምንቱ። ከተማዋ ወደ ኦርቶዶክሳውያን እጅ ስትመለስ ሥዕላቸው ተነቅሎ በመጋረጃ ተተካ። ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ ዓምዶቹን ሳይነኩ ስለተዉአቸው በአንዳንዶቹ ዓምዶች ላይ የተነቀሉት ሰዎች እጆችና ጣቶች እስከ ዛሬ ቀርተዋል። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው በቀላሉ አይታዩም፤ ትንሽ መነጽረ ርቀት ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ከነጥፍራቸው ታገኟቸዋላችሁ።

የሁለቱ ወገኖች የጥምቀት ቤቶች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። በሁለቱም ጣሪያ መካከል ጌታ በዮርዳኖስ ቆሞ በዮሐንስ እጅ ሲጠመቅ፣ መንፈስ ቅዱስም በርግብ አምሳል ሲወርድ ተሥሏል፤ ዙሪያውን ሐዋርያት ቆመዋል። የሃይማኖት ልዩነታቸው ጽኑ ሆኖ ሳለ የሥዕላቸው አቀማመጥ ይህን ያህል መቀራረቡ ብዙ የሚያሳስብ ነው። ወንዙ ራሱ እንደ ሽማግሌ ሆኖ መሣሉ ለእኛ ሥዕል እንግዳ ስለሆነ እንዳያደናግራችሁ፤ ከሮማውያን ልማድ የተወሰደ ነው።

ሳን ቪታሌ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ያለው ሆኖ በ547 የተባረከ ነው። ከቅዱሱ ሥፍራ በግራና በቀኝ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስና ንግሥት ቴዎዶራ ከነተከታዮቻቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዮስጢንያኖስ የዐፄ ካሌብ ዘመን ሰው ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደ ዘገበው ንጉሠ ነገሥቱ ከፋርስ ጋር በነበረበት ጦርነት እርዳታ ፈልጎ ወደ አክሱም ንጉሥ መልእክተኛ ልኳል። ስለዚህ ያ ፊት ለእኛ የሩቅ ሰው ፊት አይደለም። በቴዎዶራ ካባ የታችኛ ጠርዝ ላይ እጅ መንሻ የያዙት ሰብአ ሰገል በወርቅ ተጠልፈው ይታያሉ፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። የመሐንዲሱን ጥያቄ ለመመለስ ያህልም፣ ጉልላቱ የተሠራው አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካ ከሚገጣጠም የሸክላ ቱቦ ስለሆነ እጅግ ቀላል ነው።

የጋላ ፕላኪዲያ መቃብር የሚባለው ትንሽ ሕንፃ በዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን መስኮቶቹ በስሱ በተፈለጠ አልባስጥሮስ ተሸፍነዋል። ከደጅ የገባ ሰው መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ያያል፤ ዓይኑ ሲለምድ ግን ጥልቅ ሰማያዊ ጣሪያና የወርቅ ከዋክብት ቀስ በቀስ ይወጣሉ። የሞዛይኩ ጠጠሮች ሆን ተብሎ እኩል ሳይሆኑ ጥቂት እያዘነበሉ ስለተተከሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ብልጭታው ቦታውን ይለውጣል። ጎብኚ ሲበዛ ለአጭር ደቂቃ ብቻ ስለሚያስገቡ ዓይን ሳይለምድ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ በማለዳ ሂዱ።

ጊዜ ከተረፋችሁ የቴዎዶሪክን መቃብር እዩ። ጣሪያው በሙሉ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ ከ200 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከአድርያቲክ ባሕር ማዶ በመርከብ መጥቶ ወደዚያ ከፍታ እንዴት እንደ ወጣ የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ምድሩ ረግረጋማ በመሆኑ ከተማዋ እየሰጠመች መሆኗንም በሳን ፍራንቼስኮ ቤተ ክርስቲያን ታስተውላላችሁ፤ ከመሠዊያው ሥር ያለው ምድር ቤት በውኃ ተሞልቶ ዓሣዎች በጥንቱ የሞዛይክ ወለል ላይ ይዋኛሉ።

ተጓዥ ዘሽቱትጋርት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለቤቴ ስለ መጋረጃዎቹና ስለ እጆቹ የተጻፈውን ካነበበች ወዲህ ወደ ራቬና የመሄዱ ጉዳይ ተቆርጧል። ቬኒስን ትተናል። በሮምና በራቬና መካከል ፍሎሬንስ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማደር እንችላለን፤ ይሁን እንጂ የካቴድራሉን ጉልላት ለመረዳት ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው ሲባል ሰምተናል። ባለቤቴ መውጣት ስለማትችል ፍሎሬንስን ማለፍ ይሻለን ይሆን? መሐንዲሱ ወንድማችን ቢመልሱልን ደስ ይለናል።

መሐንዲስ ዘአራት ኪሎ፦

በፍጹም አትለፏት። በመጀመሪያ የሮም ነዋሪው ስለ ኮሎሲየም ቁጥሮች ያነሡት ነጥብ አሳማኝ ስለሆነ በእርሱ ላይ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ።

የፍሎሬንስ ጉልላት 463 ደረጃዎች አሉት፤ የሰው ማንሻም (አሳንሰር) የለውም። መንገዱ በውስጠኛውና በውጭኛው የጉልላት ቅርፊት መካከል ስለሚያልፍ በእርግጥ ጡቡን በቅርብ ያሳያል። ሆኖም ዋናውን ነገር ከምድር ላይ ሆኖ መረዳት ይቻላል። ካቴድራሉ በ1296 ሲጀመር እንዲህ ያለ ስፋት በምን እንደሚከደን የሚያውቅ አልነበረም፤ ግድግዳው አልቆ ለረጅም ዓመታት ክፍቱን ቆየ። ችግሩ ጉልላቱ እስኪደርቅ ድረስ ከሥር የሚደግፈውን የእንጨት ቅርጽ የሚያክል ግንድና ገንዘብ ሊገኝ አለመቻሉ ነበር። በ1418 ውድድር ወጣ፤ ሥራው በ1420 ተጀምሮ በ1436 ተጠናቀቀ፤ የመፍትሔው ባለቤት ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ከሥር ምንም ድጋፍ ሳያቆም ገነባው። ጡቦቹን አግድም ብቻ ከመደርደር ይልቅ በየመካከላቸው ቀጥ ብለው የቆሙ ጡቦችን እያስገባ በዓሣ አጥንት አምሳል ስለጠለፋቸው፣ እያንዳንዱ ዙር ጭቃው ሳይደርቅ ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት ቀጣዩ ጡብ ይይዘው ነበር። ስምንቱን ነጫጭ የድንጋይ ጎድኖች ከአደባባዩ ሆናችሁ ስትመለከቱ ክብደቱ በየት እንደሚወርድ ይነግሯችኋል።

እርስዎ ብቻዎን ወደ ላይ ሲወጡ ባለቤትዎ ከካቴድራሉ ጀርባ ባለው የካቴድራሉ ሙዚየም ልትቆይ ትችላለች። በዚያ የጉልላቱ ጥንታዊ የእንጨት ሞዴልና ለግንባታው ያገለገሉ መሣሪያዎች ይገኛሉ፤ ማንሻም አለው። ከዚያ በእግር ጥቂት ሄዳችሁ ብሩኔሌስኪ በ1419 የጀመረውን የሕፃናት ማሳደጊያ ፊት ለፊቱን ተመልከቱ። በሁለት ዓምዶች መካከል ያለው ርቀት፣ የዓምዱ ቁመትና የበረንዳው ጥልቀት እኩል ናቸው፤ በእርምጃ ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። የጉልላቱ መውጫ ቲኬት በሰዓት የተወሰነና ቶሎ የሚያልቅ ስለሆነ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድመው ይያዙት።

ከሮም እስከ ፍሎሬንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከፍሎሬንስ ወደ ራቬና በቦሎኛ በኩል መሄዱ ይቀልላል። ራቬናን የመጨረሻ ብታደርጓት ወደ ቦሎኛ ተመልሳችሁ በብሬነር በኩል ወደ ሙኒክ የሚሄደውን ባቡር መያዝ ስለምትችሉ የመልስ መንገዳችሁ አይጠመዘዝም። ለክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከገዛችሁ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት በጣቢያው ባለው ማሽን ማስመታት እንዳትረሱ፤ ይህን ያላደረገ መንገደኛ ቅጣት ይጠየቃል።